ከበሮው ይከበራል፤ ሠሪውስ?

«በሰው እጅ ያለ ከበሮ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው የሌላውን ሥራ ከሩቅ እያየ ቀላል ለሚመስለው ሰው ነው። ዳሩ ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ተረት ከመቺው ይልቅ ለሠሪው የሚስማማ መሆኑን አስበውት ያውቃሉን? ከበሮ መምታት የሚያደናግር ከሆነ ከበሮ መሥራት የባሰ ያደናግራል። ግንድ ብቻውን ቢመታ ደረቅ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ቆዳም ብቻውን ቢመታ ያው ነው። ሁለቱን አገናኝቶ፥ ሕዝብ በሞላበት አደባባይ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ፥ የተቀመጠውን የሚያስነሣ ድምፅ ማውጣት ግን ትልቅ ጥበብ ነው።

በሰርግ ቤት ከበሮው ደምቆ ሲሰማ «እንዴት ያለ መቺ ነው!» እንላለን። ዘፋኙንም እንሸልማለን። «ይህን ከበሮ የሠራው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አናገኝም። እንግዲህ ዛሬ ከእርስዎ ጋራ ወደ ድሬዳዋ ወርደን፥ ከበሮ ከግንድነት ተነሥቶ እስኪጮህ ድረስ ያለውን መንገድ እንመለከታለን። በመጨረሻም ለሠሪው ያለብንን ዕዳ እናስባለን።

የብዙ ከበሮዎች ከተማ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ በደረሰ ጊዜ፥ ሜዳ በነበረው ስፍራ ላይ ከተማ ተቆረቆረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ብዙ ዓመታት ስላለፉ፥ ድሬዳዋ በዚያ ጊዜ ውስጥ የነጋዴው፥ የሠራተኛውና የመንገደኛው መሰብሰቢያ ሆነች። ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ ሐረሪው፥ አማራው፥ ዐረቡ፥ ሕንዱ፥ ግሪኩና አርመኑ ጐን ለጐን ኖሩባት። የደቻቱ አሸዋማ ወንዝ በመካከል ያልፋል፤ በአንዱ በኩል የባቡሩ ሰዎች የሠሩት፥ መንገዱ የቀና ከዚራ፥ በሌላው በኩል ገበያው የደራ መጋላ ይገኛል።

አንባቢ ሆይ፥ እርስዎ ለሥራ ተመድበው ወይም ለትምህርት ሄደው በዚያ ከተማ አንድ ዓመት ቢቀመጡ ጆሮዎ ብዙ ዓይነት ከበሮ ይለምዳል። በበዓል ዋዜማ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የሚወጣውን ወፍራምና ረጋ ያለ ከበሮ ይሰማሉ። በኦሮሞ ሰርግ ላይ ድቤ ይመታል። የሶማሌ ሴቶች ቡራንቡር የተባለውን ግጥማቸውን ሲደረድሩ ዱርባን ያጅባቸዋል። ሐረሪዎች ደግሞ በመውሊድና በዚክሪ ጊዜ ከረቡ የተባለውን ከበሮ፥ ካበል ከተባለው የእንጨት ማጨብጨቢያ ጋራ አስማምተው ይመታሉ። በቀፊራ ገበያ የሚገናኙት እነዚህ ሕዝቦች በቋንቋና በሃይማኖት ቢለያዩም፥ ደስታቸውንና ጸሎታቸውን የሚያጅቡት በተወጠረ ቆዳ ነው።

ከነዚህ ሁሉ በአሠራሩ ረቀቅ ያለው የማኅሌቱ ከበሮ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆይ። ይህ ከበሮ ሁለት አፍ አለው፤ አንዱ ሰፊ፥ አንዱ ጠባብ ነው። ሊቃውንቱ ሰፊውን የመለኮት፥ ጠባቡን የትስብእት ምሳሌ አድርገው ይተረጕሙታል። በዙሪያው የሚመላለሰውን ጠፍር ደግሞ ክርስቶስ በተገረፈ ጊዜ በሰውነቱ ላይ የወጣው ሰንበር ምሳሌ ነው ይላሉ። በዓቢይ ጾም ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ፤ ለትንሣኤ ግን እንደ ገና ይነሣሉ። መቺው አንዳንድ ጊዜ መሬት ላይ አስቀምጦ፥ አንዳንድ ጊዜ በማንገቻው ከአንገቱ አንጠልጥሎ ይመታዋል። ዜማው ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሸጋገር አመታቱም ከዝግታ ወደ ፍጥነት ይለወጣል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሸከም ዕቃ ጽኑ መሆን አለበት፤ በአንገት የሚንጠለጠል ስለ ሆነም ቀላል መሆን ይገባዋል። ጽናትና ቅለት በአንድነት የሚገኙበት እንጨት ደግሞ ብዙ አይደለም።

እንጨቱ እንዴት ይመረጣል?

ለዚህ ሥራ ስሙ በብዙ አገር የሚጠራው ዋንዛ ነው። የሐረርጌ ኦሮሞዎች ወደሣ ይሉታል። ዋንዛ ለቡና ጥላ ይሆናል፤ ፍሬው ይበላል፤ እንጨቱም ለበር፥ ለመስኮትና ለወንበር ይፈለጋል። ለከበሮ የተመረጠበት ምክንያት ሲጠርቡት የማያስቸግር፥ ሲደርቅ ቀለል የሚል፥ ምስጥም ቶሎ የማይደፍረው በመሆኑ ነው። ወይራ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከወይራ የተሠራ ትልቅ ከበሮ በአንገቱ አንጠልጥሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚያነጋ ሰው አይገኝም።

ድሬዳዋ ያለችው በቆላ ስለ ሆነ በዙሪያዋ የሚበዛው ግራር ነው። መልካም ዋንዛ የሚፈለገው በደንገጎ በኩል ሽቅብ ከወጡ በኋላ፥ ከደጋውና ከወይና ደጋው ነው። ባለሙያው ግንዱን ሲመርጥ ቀጥ ያለ፥ ጉጥ የሌለበት፥ ያልተጣመመ መሆኑን ያያል። ጉጥ ባለበት ቦታ መሮ ይስታል፤ እንጨቱም ሲደርቅ በዚያ በኩል ይሰነጠቃል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ግንዱ የሚቦረቦረው እርጥብ ሆኖ ነው ወይስ ከደረቀ በኋላ? ብዙ ሰው «ከደረቀ በኋላ» ይላል። ልምድ ያለው ሠሪ ግን ሥራውን የሚጀምረው እርጥቡ ላይ ነው። እርጥብ እንጨት ለመሮ ይለዝባል፤ ይህ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ጠለቅ ያለ ነው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። የሚኮማተረውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ በዙሪያው በኩል የሚኮማተረው መጠን፥ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ በኩል ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ያልተቦረቦረ ግንድ ሲደርቅ ዙሪያው ሊጠብ ይፈልጋል፤ ልቡ ግን አያስጠብበውም፤ በዚህ ትግል ግንዱ ከቅርፊቱ እስከ ልቡ ይተረተራል። ልቡ አስቀድሞ ከወጣለት ግን እንጨቱ ሳይጨነቅ ይጠባል።

እንግዲህ ባለሙያው ግንዱን በመጥረቢያ ካስተካከለ በኋላ ጫፉ በታጠፈ መሮ ከሁለቱም አፍ በኩል ይቦረቡረዋል። በዚህ ጊዜ ግድግዳውን ከሚፈለገው በላይ ወፍራም አድርጎ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ ለልብስ ማድረቂያ መልካም ናት፤ ለእንጨት ግን ጠላት ናት። ውሃ ከግንዱ ጫፍና ጫፍ ቶሎ ይወጣል፤ ከጐኑ ግን በዝግታ ነው። ፀሐይ ላይ ከዋለ ጫፎቹ ቀድመው ደርቀው ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ጥላ ውስጥ፥ ነፋስ በማይመታው ቦታ ይቀመጣል፤ ጫፎቹም በእበት ወይም በሰም ቢለቀለቁ ይበጃል። ወራት አልፈው እንጨቱ መለወጡን ሲያቆም፥ ሁለተኛው ጥርብ ይጀመራል። አሁን ግድግዳው ይሳሳል፤ አፉ ይስተካከላል፤ ቆዳው የሚያርፍበት ከንፈር ስለት እንዳይኖረው ተፍቆ ይለሰልሳል። ከንፈሩ ስለታም ከሆነ ቆዳውን እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋልና።

ቆዳውና ድምፁ

ለከበሮ የሚሆን ቆዳ አይለፋም። የለፋ ቆዳ ለጫማና ለአቍማዳ ይሆናል፤ ቢወጥሩት ግን ይለጠጥና ይረግባል። የከበሮ ቆዳ ጥሬውን ነው። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይርሳል፤ ጠጕሩ ይፋቃል፤ ጮማውም ይገፈፋል። ለትልቁ ከበሮ የበሬ ቆዳ፥ ለትንንሾቹ የፍየል ቆዳ ይስማማል። ቆዳው እርጥብ እንደ ሆነ በአፉ ላይ ይደረግና ዳሩ በወስፌ ይበሳል። ከዚያም ጠፍሩ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው፥ ከላይ ወደ ታች እየተመላለሰ ይታሰራል። ጠፍሩም እርጥብ ስለ ሆነ፥ ሁሉም አብሮ ሲደርቅ ይሸማቀቅና ከሰው ክንድ በሚበልጥ ኃይል ይወጥራል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ፊዚክስ ልመልስዎ። የተወጠረ ቆዳ ሲመታ ይንቀጠቀጣል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከተንቀጠቀጠ ድምፁ ቀጭን ይሆናል፤ ጥቂት ጊዜ ከተንቀጠቀጠ ወፍራም ይሆናል። ይህን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የአፉ ስፋት፥ የቆዳው ውፍረትና የውጥረቱ ኃይል። ቆዳውና ውጥረቱ ሳይለወጥ የአፉ ስፋት እጥፍ ቢሆን ንዝረቱ በግማሽ ይቀንሳል። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚንቀጠቀጠው 50 ጊዜ ብቻ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ንዝረቱን በውጥረት ብቻ እጥፍ ለማድረግ ግን ኃይሉን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እንግዲህ ሰፊ አፍና ጠባብ አፍ ያለው ከበሮ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ሠሪው በአንድ ግንድ ላይ ሁለት ድምፅ፥ አንዱን የጐረነነ፥ ሌላውን ቀጭን፥ አኑሯል።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ቆዳዎች በአንድ ጠፍር የተሳሰሩ ስለ ሆኑ አንዱን ሲያጠብቁ ሌላው አብሮ ይጠብቃል። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ የትኛው ቆዳ ለየትኛው አፍ እንደሚሆን በጣቱ እየዳሰሰ ውፍረቱን ይመርጣል። ከደረቀም በኋላ ዳር ዳሩን በጣቱ እየመታ ያዳምጣል። በአንድ በኩል ደንቆሮ ድምፅ ከሰማ በዚያ በኩል ጠፍሩ ላልቷል ማለት ነውና ያጠብቀዋል። ይህ ሥራ በመለኪያ የሚሠራ አይደለም፤ በጆሮ ነው።

በዚህ ነገር ታላላቅ ሊቃውንትም ተመራምረዋል። የድሬዳዋ ሕንድ ነጋዴዎች አገር ሰው የሆኑት፥ እ.ኤ.አ. በ1930 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን፥ ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብለው የአገራቸውን ከበሮ አጥንተው ነበር። ተራ ቆዳ ሲመታ ብዙ ድምፆች ሳይስማሙ አብረው ይወጣሉ። የሕንድ ከበሮ ሠሪዎች ግን በቆዳው መካከል ጥቁር ልጥፍ እየለጠፉ እነዚህን ድምፆች እንደሚያስማሙ ራማን በሳይንስ አስረዱ። ልብ ይበሉ፤ ሊቁ ለሠሪዎቹ አላስተማሩም። ፊደል ያልቆጠሩ እጆች ከብዙ ዘመን በፊት በጆሮ ያገኙትን ነገር፥ ሊቁ በቍጥር ገለጡት እንጂ።

ቆላና ደጋ

ጥሬ ቆዳ የአየሩን እርጥበት ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይረግባል፤ ሲደርቅ ይወጠራል። ስለዚህ በሐረርጌ ከበሮ መያዝ የራሱ ዘዴ አለው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል በዓል ምእመናን ከድሬዳዋ ሞቃት ሜዳ ተነሥተው ወደ ደጋው ይወጣሉ። በድሬዳዋ ጥርት ብሎ ይጮህ የነበረ ከበሮ፥ በሐምሌ ጉም ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይታፈናል። ያን ጊዜ ከእሳት ራቅ አድርጎ ማሞቅ ወይም ፀሐይ ብልጭ ስትል ማስጣት ያስፈልጋል። በተቃራኒው በደጋ አገር እጅግ ተወጥሮ የተሠራ ከበሮ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ችግር ይገጥመዋል፤ ሙቀቱ ውጥረቱን ይጨምርበትና ቆዳው ከተበሳበት ይቀደዳል። ጥሩ ሠሪ እንግዲህ «ከበሮው የሚኖረው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እንደ መልሱም ይወጥረዋል።

የሠሪው ዕድል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አንድ ከበሮ ለመሥራት የአናጢ እጅ፥ የቆዳ ሠሪ እጅና የዜማ ሰው ጆሮ ያስፈልጋል። እኛ ግን የዜማውን ሰው «መሪጌታ» ብለን ስናከብር፥ ቆዳ የሚሠራውን «ፋቂ»፥ ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ስድቡም ሳይበቃ «ቡዳ ነው» ተብሎ የሚሸሽበት ጊዜ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. ማስነገራቸው፥ ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያሳያል።

እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። በጥንቱ ሥርዓት አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጐሰም ነበር። ነጋሪትም ራሱ ቆዳ የተወጠረበት ከበሮ ነው። ጆሮውን ለንጉሡ ቃል የሰጠ ሕዝብ ሁሉ፥ ስሙን በማያነሣው ሰው የእጅ ሥራ ነበር የሚጠራው። እርስዎ በመሥሪያ ቤትዎ መደርደሪያ ላይ የሚያዩት፥ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው የመንግሥት ጋዜጣ «ነጋሪት» የሚለውን ስም የወሰደው ከዚሁ ከበሮ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፥ ኮሶን፥ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። በከበሮ ስም የተጠራው ጋዜጣ የከበሮውን እንጨት ጠበቀ ማለት ነው። ሠሪውን የሚጠብቅስ ማን ነው?

ድሬዳዋ ለዚህ ጥያቄ ግማሹን መልስ የሰጠች ከተማ ናት። በባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ የሚያዞረውና ብረት የሚያቀልጠው ሰው በሙያው ይኮራ ነበር፤ ልጁም «አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነው» ሲል አንገቱን ቀና አድርጎ ነው። ብረት ቀጥቃጭነት በቀረው አገር ሲናቅ፥ በድሬዳዋ ግን በፋብሪካ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ተከበረ። ከተማይቱ የዘፈን ሰውንም ታከብራለች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዚያች ከተማ ከተነሣው ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ጓድ ወጥቶ፥ እስካረፈበት እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ስሙ የገነነውን አሊ ቢራን የማያውቅ የለም። በእጁ መሮ ይዞ ጥላ ሥር የሚቀመጠው የከበሮ ሠሪ ግን ከሁለቱም ክብር ድርሻ አላገኘም። ሥራው ከቶርኖው ሥራ ያነሰ ጥንቃቄ፥ ከዘፋኙም ያነሰ ጆሮ የሚፈልግ ሆኖ አይደለም።

ሙያ በስድብ ብቻ አይጠፋም፤ በዝምታም ይጠፋል። ገዢው ርካሹን ሲመርጥ፥ ሠሪው እንጨቱን ወራት ሙሉ በጥላ ለማቆየት ምን ምክንያት አለው? ዛሬ በቆርቆሮ በርሜል ላይ ቆዳ የተወጠረባቸው ከበሮዎች ይታያሉ። ቆርቆሮ አይሰነጠቅም፤ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን ቆርቆሮው ራሱ አብሮ ይንጫጫል፤ የዋንዛውን የጠራ ድምፅ አይሰጥም።

ከበሮ ሲገዙ

የማኅበርዎ፥ የትምህርት ቤትዎ ወይም የሰፈርዎ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ከበሮ እንዲገዙ እርስዎን ቢልኩዎ፥ እነዚህን ነገሮች ያስታውሱ።

አንደኛ፥ ከበሮውን ከመምታትዎ በፊት አካሉን በጣትዎ አንኳኩተው ያዳምጡ። ድምፁ የሚሰነጣጠር ከሆነ እንጨቱ ሳይደርቅ ተቸኩሎበታል ወይም ስንጥቅ በቀለምና በጨርቅ ተሸፍኖበታል። ሁለተኛ፥ ሁለቱን አፎች ዳር ዳሩን እየመቱ ይዙሩ፤ በሁሉም በኩል ተመሳሳይ ድምፅ ሊሰጥ ይገባል። ሦስተኛ፥ ጠፍሩ ቀዳዳውን አስፍቶ እንዳልጐተተው ይመልከቱ። አራተኛ፥ ከበሮው የት እንደሚኖር፥ ቆላ ወይም ደጋ መሆኑን ለሠሪው ይንገሩት። አምስተኛ፥ የሠሪውን ወራት በገበያ ክርክር አይብሉበት። ጥቂት ብር የቀነሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው የመድረቂያውን ጊዜ ነው፤ የእርሱም ጉዳት በሁለተኛው ዓመት በስንጥቅ ይታያል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እንዲያደርጉ እለምንዎታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1737 የሞተው የክሬሞናው ቫዮሊን ሠሪ አንቶንዮ ስትራዲቫሪ፥ በሠራው ዕቃ ሁሉ ውስጥ ስሙንና ዓመቱን የያዘ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ዛሬ ዓለም ስሙን የሚያውቀው ከሥራው ማማር ጋራ ስለዚያች ወረቀት ጭምር ነው። እርስዎም ከበሮ ሲያሠሩ፥ ቆዳው ከመወጠሩ በፊት ሠሪው ስሙን፥ አገሩንና ዓመተ ምሕረቱን በግንዱ ውስጥ በመሮ እንዲቀርጽ ይጠይቁት። ምናልባት ይስቅ ይሆናል፤ እስካሁን የጠየቀው የለምና። ቆዳው ሲታሰር ጽሕፈቱ ይሸፈናል። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ቆዳው አርጅቶ ሲለወጥ፥ ከበሮውን የሚከፍተው ሌላ ባለሙያ ስሙን ያነበዋል፤ ከማን እጅ እንደ ተረከበም ያውቃል።